ድርቆሽና የድርቆሽ ማሰሪያ መኪና



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ድርቆሽ ነው። በክረምት ሣር ሞልቶ ይተርፋል። በጋው ሲገፋ ግን ሜዳው ይነጣል። ላሟ ትነጥፋለች፤ በሬው ይከሳል። ከሲታ በሬ ደግሞ እርሻ ሲጀመር ቀንበር ያስቸግረዋል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ በብርዱ ወራት ሜዳውን በረዶ ይሸፍነዋል። እዚያ ያለ ገበሬ ድርቆሽ ካላስቀመጠ ከብቱ ያልቃል። ስለዚህ ለብዙ ዘመን ሣሩን በእጁ ያጭድ፣ በመንሽ ያገላብጥ፣ ይከምርም ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት በፈረስ የሚጎተት ማጨጃ መጣለት። ድርቆሽ መጭመቂያም ተሠራ። ያልተጨመቀ ድርቆሽ ቦታ ይፈጃል፤ ለማጓጓዝም አይመችም። መጭመቂያው ግን አንድ ቦታ ተተክሎ የሚሠራ ስለ ነበር ድርቆሹን ተሸክሞ እሱ ዘንድ ማድረስ ግድ ነበር።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ መጨረሻ ኤድ ኖልት የሚባል የአሜሪካ ገበሬ ሌላ መኪና ሠራ። ይህ መኪና በሜዳው ላይ እየሄደ ድርቆሹን ያነሣል፣ ይጨምቃል፣ በሲባጎም ራሱ ቋጥሮ ያስራል። በ1940 ኒው ሆላንድ የተባለ ኩባንያ ለገበያ አቀረበው። በ1971 ደግሞ ጋሪ ቨርሚር የተባለ አሜሪካዊ ድርቆሹን እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ ትልቅ ድቡልቡል እስር የሚያወጣ መኪና ሠራ። ያንን እስር የሚያነሣው ትራክተር ነው። የብዙ ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ቀለለ።

ታዲያ መኪና የማይሠራው ሥራም አለ። ጊዜውን የሚያውቀው ገበሬው ነው። ሣር ማበብ ሲጀምር ቢታጨድ ቅጠሉ ብዙ፣ ጥቅሙም ትልቅ ነው። ዘሩን አራግፎ ከደረቀ በኋላ ቢታጨድ ግን አገዳ ብቻ ይሆናል። ሳይደርቅ የታሰረም ከውስጡ ይግላል፤ ይሻግታል፤ አንዳንዴም ራሱ በእሳት ይያያዛል። አንድ ጭብጥ ሣር ጠምዝዙ። እርጥበት ከተሰማችሁ ገና ነው።

መኪናው ከሌለስ? ወለልና ክዳን የሌለው የእንጨት ሣጥን ሥሩ። ሲባጎውን ከሥር አጋድሙ። ድርቆሹን እየጨመራችሁ በእግር ርገጡት፤ ሲሞላ እሰሩት፤ ሣጥኑንም ወደ ላይ አውጡት። እስሩን ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ ዝናብ ከማያገኘው ቦታ አኑሩት።

ሜዳው ሲነጣ በሬያችሁ የሚበላው በጥቅምት ያሰራችሁትን ነው።