የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ቁጥጥርና የማኅበራችን ድርሻ





እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ቁጥጥር ነው። «ይህ የአዲስ አበባ ጉዳይ አይደለም ወይ?» የሚል አባል ይኖራል። ነገር ግን ዘር፣ የውኃ ፓምፕና ሥልጠና ይዘው ወደ ቀበሌያችን የሚመጡት እነዚሁ ድርጅቶች በመሆናቸው ሕጉ ሲጠብቅም ሲላላም ማሳችን ድረስ ይደርሳል።

አዋጅ ቁጥር 621/2001 በወጣ ጊዜ ብዙ የተወራው ስለ 10 በመቶው ነበር። ከገቢው ከዚያ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠራ ተከለከለ፤ የመብት ድርጅቶችም ክፉኛ ተዳከሙ። ከገበሬው ጋር የምንውለውን እኛን የነካን ግን 70/30 የተባለው ነው። ለአስተዳደር ከ30 በመቶ በላይ እንዳይወጣ ታዘዘ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ለድሃ የመጣ ገንዘብ ለቢሮና ለመኪና እንዳያልቅ ነው። ችግሩ የመጣው አስተዳደር የሚባለው ምን እንደሆነ ሲተረጎም ነው። በመመሪያው የሥልጠና አበልና ትራንስፖርት ሳይቀር ከአስተዳደር ወጪ ተቆጠረ። ዘር ማደል የፕሮጀክት ሥራ ሆኖ፣ አዘራሩን ለማሳየት ማሳ ድረስ መሄድ የቢሮ ወጪ ሆነ ማለት ነው!

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን አስተካክሏል። ጣሪያው ወደ 20 በመቶ ዝቅ ቢልም፣ አስተዳደራዊ የሚባለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘው ወጪ ሆነ። የ10 በመቶው ክልከላም ቀረ። (ዕድርና ዕቁብ በዚህ አዋጅ አይገዙም፤ ዩኒየናችንም የራሱ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሕግ አለው። ይህን የምለው ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ነው።)

ይሁንና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚያየው የሥራና የኦዲት ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ፓምፕ መሰጠቱን ይነግረዋል፤ ፓምፑ በሁለተኛው በጋ መቆሙን ማን ይነግረዋል? በምሠራበት ቀበሌ የአንድ ድርጅት ታፔላ ዛሬም ቆሟል። ፓምፑ ግን መለዋወጫ አጥቶ መጋዘን ጥግ ተቀምጧል። በሒሳብ በኩል ምንም አልጎደለም።

ስለዚህ አመራሮቻችንን የምጠይቀው ይህን ነው። ድርጅት ከወረዳ ጋር ስምምነት ሲፈርም አንድ ቅጂ ለማኅበሩ ይሰጥ። ስንት ብር፣ ለምን ሥራ፣ እስከ መቼ እንደተያዘ፣ ከዚያ በኋላም ጥገናው የማን እንደሆነ በጠቅላላ ጉባኤ ይነበብ። በርክክቡ ላይም የማኅበሩ የቁጥጥር ኮሚቴ ይፈርም።

አባላት ይህን ስትጠይቁ «የመጣ እርዳታ ታባርራላችሁ» የሚላችሁ አይጠፋም። እኔም ተብያለሁ። እስካሁን ግን ስለተጠየቀ ብቻ ጥሎ የሄደ ድርጅት አላየሁም።