ስለ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ፍሬን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ አባሎች ስም የተነበበ ንግግር)



አንዳንድ ጓደኞቻችን ስለ ጠፈር ጉዞ ወይም ስለ ኮምፒዩተር ብትናገሩ ይሻላል ብለው መክረውን ነበር። እኛ ግን በዓይናችን ያላየነውን ከመተረክ ይልቅ፥ ጥቁረቱ ከጥፍራችን ሥር ገና ያልለቀቀውን ሥራ ለመንገር መረጥን። ነገሩም ከሞጣ ቢቸና የሚመላለስ የአንድ አሮጌ ላንድሮቨር ፍሬን ነው።

መኪናውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ገና ሳይታይ በድምፁ ይለያል። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ከተማ በሚያዝያ ወር 1940 ዓ.ም. ነው። ይህኛው ከዚያ በኋላ ከመጣው ከሁለተኛው ዓይነት አጭሩ ሲሆን፥ ዕድሜው ከብዙዎቻችን አባቶች ዕድሜ ይበልጣል። ባለቤቱ የሞጣ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ከእኛ ጋር ትማራለች። ስማቸው በአደባባይ እንዳይጠራ ስለ ለመኑን ‹‹ጋሼ›› ብቻ እንላቸዋለን። ከመኪናው ኋላ ባለ ሁለት እግር ተሳቢ ቀጥለው በገበያ ቀን ጤፍ ይጭናሉ፤ ትምህርት ሲከፈትና ሲዘጋ ደግሞ እኛን ከነስንቃችን ያደርሱናል፤ ገንዘብም ተቀብለውን አያውቁም።

ባለፈው መስከረም ትምህርት ሊከፈት ሲል ከሞጣ ተነሥተን ወደ ቢቸና እንመጣ ነበር። ከጮቄ ተራራ የሚነሡት ወንዞች ወደ ዓባይ ሲወርዱ አገሩን እየሰነጠቁ ስለሚያልፉ፥ መንገደኛው ሜዳ አገኘሁ ሲል ቁልቁለት፥ ቁልቁለቱን ጨረስሁ ሲል ዳገት ይገጥመዋል። ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ከነዚህ ቁልቁለቶች ባንዱ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ወዲያው ጋሼ ፍሬኑን ቢረግጡት መርገጫው እስከ ወለሉ ወረደ። ተሳቢው ከኋላ ይገፋል፤ ከታች ድልድዩ አጠገብ አንዲት እናት ሁለት የተጫኑ አህዮች እየነዱ ይሻገራሉ። ረዳቱ ታኮውን ይዞ ዘለለ፤ ግን የሚሮጥ ጎማ ሥር ታኮ ማስገባት እንዴት ይቻላል? ጋሼ በብዙ ትግል ማርሹን ወደ ሁለተኛ አወረዱና መኪናውን በዳገቱ በኩል ካለው ግንብ አፈር ጋር እያፋተጉ አቆሙት። ከአንድ የተቀደደ ጆንያ በቀር ጉዳት አልደረሰም። እናቲቱ ዞር ብለው እንኳ አላዩንም።

የሚያስደንቀው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል አርፈን ብንነሣ ፍሬኑ እንደ ድሮው ያዘ። ቢቸና ስንደርስ ያየው መካኒክም ረግጦ ረግጦ ‹‹ምንም አልሆነም›› አለ። ጋሼ ግን ነገሩን በዋዛ አላለፉትም። ወደ ፊዚክስ መምህራችን መጥተው ‹‹ይህን ፍሬን አጠንክሩልኝ፤ ከጠነከረ አምስት ኩንታል እጨምርበታለሁ›› አሉ። ሥራችን የተጀመረው በዚህ ቃል ነው፤ ጭንቀታችንም እንደዚሁ።

ፍሬን ጉልበትን አያጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል እንጂ። መኪናው ከነተሳፋሪው፥ ተሳቢውም ስምንት ኩንታል ይዞ በድምሩ 3,000 ኪሎ ቢመዝኑና ቁመቱ 100 ሜትር የሆነ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ቢወርዱ፥ ወደ 3 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ሙቀት ይወጣል። እንደ ቢቸናና እንደ ሞጣ ባለ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ አገር ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፥ ይህ ሙቀት 10 ሊትር ውሃ፥ ማለት ግማሽ ጀሪካን፥ ለማፍላት ይበቃል። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚወርድ ግማሽ በርሜል ያፈላል። ይህ ሁሉ እሳት የሚያርፈው በታምቡሮቹና በፍሬን ሸራዎቹ ላይ ነው።

አሁን የመርገጫው ምሥጢር ይገለጣል። የፍሬን ዘይት ውሃን ከአየር እየሳበ የሚጠጣ ነገር ነው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት ሳይሆን ሲጫኑት ስለሚጨመቅ እግር ወለል ይነካል። ሲበርድ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፍሬኑም ይድናል። መካኒኩ አልዋሸም፤ በሽተኛው ትኩሳቱ ከበረደለት በኋላ ስለ መረመረው ነው።

እኛ ተማሪዎች፥ እውነቱን እንናገርና፥ መጀመሪያ የጓጓነው ለአዲስ ዕቃ ነበር። መምህራችን ግን ያለው ሳይፈተሽ አዲስ አይገዛም ብለው ከለከሉን። አራቱም ታምቡሮች ተከፈቱ። ከማጠራቀሚያው የወጣው ዘይት እንደ ቡና ጠቁሯል። የግራው የኋላ ሸራ ከዲፈረንሻሉ በሚያፈስስ ዘይት ርሶ እንደ ጨማ ሥጋ ሆኗል፤ ስለዚህ የአራት እግር ሥራ ይሠሩ የነበሩት ሦስት ናቸው። በዚህ አጋጣሚ ወላጆችን የምናሳስበው፥ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ብናኙን በአፍም ሆነ በአየር እፍ ማለት ለሳንባ እጅግ መጥፎ ነው፤ እኛ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው። የሞተር ዘይትም በፍሬን ማጠራቀሚያ ውስጥ ከቶ አይጨመር፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል።

ይህ ሁሉ ከተጠገነ በኋላ ነው ማሻሻያው የመጣው። የአጭሩ ላንድሮቨር ታምቡር 10 ኢንች፥ የረጅሙ 11 ኢንች ነው። አንድ ከሥራ የወጣ ረጅም ላንድሮቨር ስለ ተገኘ የፊቱን ታምቡሮች ከነሙሉ ዕቃቸው ገዛን፤ ቀዳዳቸው ስለሚገጥም ቡሎናቸው ያለ ብየዳ ገባ። ትልቁ ጥቅም ግን ከአንዱ ኢንች ይልቅ ከሸራዎቹ አቀማመጥ የሚገኝ ነው። በአጭሩ መኪና የፊት እግር ከሁለቱ ሸራዎች አንዱ ብቻ ከታምቡሩ ዙረት ጋር ይነክሳል። በረጅሙ ግን ሁለቱም ይነክሳሉ። ማረሻ ወደ ፊት ሲሳብ መሬቱን እየነከሰ ይገባል፤ ወደ ኋላ ቢገፉት ግን ይንሸራተታል፤ ሸራውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ይህ ፍሬን ወደ ፊት ሲሄዱ ብርቱ፥ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሲንከባለሉ ግን ደካማ መሆኑን ለጋሼ አስቀድመን ነገርናቸው። የፍሬን ፖምፓውንም ከረጅሙ መኪና አመጣን፤ ትንሹ ፖምፓ ለትልልቆቹ የሚበቃ ዘይት አይገፋምና። ትልቁ ፖምፓ ደግሞ በርታ ያለ እግር ይፈልጋል።

በዚህ ምክንያት ክበባችን ለሁለት ተከፈለ። እኩሌቶቹ እግርን የሚያግዘው ሰርቮ ይገዛ አሉ። ሰርቮ የሚሠራው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ባዶነት ስለ ሆነ፥ የሚገፋው የውጭው አየር ነው። የቢቸና አየር ግፊት ደግሞ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ እገዛውም በዚያው ልክ ያንሳል። ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት የሚወርድ ሰውማ አንድ ሁለት ጊዜ ከረገጠ በኋላ እገዛው ያልቅበታል። ከሁሉ በላይ ሰርቮ ለእግር ጉልበት ይጨምራል እንጂ ከታምቡሩ ላይ አንዲት ዲግሪ ሙቀት አያነሣም። ሁለተኛው ወገን፥ ገንዘባችን ለአንድ ነገር ብቻ ስለሚበቃ ለተሳቢው የራሱ ፍሬን ይሠራለት አለ። በብዙ ክርክር ይኸኛው አሸነፈ። ቧንቧውን ለሁለት የሚከፍለው፥ አንዱ ቢፈስስ ሌላው እንዲቀር የሚያደርገው ፖምፓ ግን ገና አልተገዛም፤ ይህ ያሳስበናል።

ተሳቢው የተሠራው ከአንድ አሮጌ ፒካፕ የኋላ አክስል ነበር። ታምቡሮቹ በላዩ ነበሩ፤ ይሁንና የሚያዝዛቸው ገመድ ተቆርጦ ተጥሏል። አንድ ብየዳ ዐዋቂ የተሳቢውን መጐተቻ ወደ ኋላ ጥቂት እንዲንሸራተት አድርጎ ሠራው። መኪናው ፍሬን ሲይዝ ተሳቢው ወደ ፊት ይገፋል፤ መጐተቻው ሲንሸራተት ገመዱን ይስባል፤ ገመዱ የተሳቢውን ሸራዎች ይከፍታል። በሚገፋበት መጠን ራሱን ይይዛል ማለት ነው። ወደ ኋላ ሲነዳ ግን እንዳይታሰር መቆለፊያ ተበጀለት፤ ረዳቱ ወርዶ ይቆልፋል፥ ተመልሶም ይፈታል። አንድ ቀን መፍታቱን ረስቶት ከጋሼ የሰማውን ቃል እዚህ አንደግመውም።

ፈተናው የተደረገው በጥር ወር በዚያው ቁልቁለት ላይ ነው። ሰው አልተጫነም፤ በጤፉ ፈንታ ስምንት ኩንታል አሸዋ ነበር። መጀመሪያ በአራተኛ ማርሽ ፍሬን እየተያዘ ተወረደና ከታች በታምቡሩ ላይ ጠብታ ውሃ ብናደርግ ጮኾ ጠፋ። ከበረደ በኋላ በሁለተኛ ማርሽ ተወረደ፤ ጋሼ ፍሬኑን የነኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አሁን ጠብታው ዝም ብሎ ወረደ፤ እጃችንንም ለአፍታ አሳረፍንበት። ሙቀቱን ሞተሩ ወስዶ በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው በትኖታል። ያን ሁሉ ብር ካወጣን በኋላ ትልቁን ሥራ የሠራው አስቀድሞም እዚያው የነበረው ማርሽ መሆኑን ስናይ ጥቂት አፈርን፤ ጋሼ ግን ሳቁ።

የአምስቱ ኩንታል ነገር ቀረ። ክብደቱ ከ3,000 ወደ 3,500 ኪሎ ሲወጣ ሙቀቱ በስድስት አንድ እጅ እንደሚጨምር፥ ባሌስትራውና ጎማው ግን እነዚያው አሮጌዎቹ እንደ ሆኑ በወረቀት ላይ አሳየናቸው። ጋሼም ወረቀቱን ጥቂት አዩና ‹‹ልጆቼ፥ ሒሳባችሁ ልክ ነው። የቤንዚኑን ዋጋ ግን አልጻፋችሁትም። በስምንት ኩንታል የሚተርፈኝ ምንድር ነው? እናንተንስ በነጻ የማመላልሰው ከምን ላይ ነው?›› አሉን። ለዚህ መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም። መምህራችን እንኳ ዝም አሉ። መጨረሻ ላይ ልጃቸው ‹‹እንግዲያው እኛ ስንሳፈር ጤፍ አይጫን፤ ጤፍ ሲጫን እኛ አንሳፈር፤ እኛም የቤንዚን እናዋጣ›› አለች። ጋሼ ከተማሪ ገንዘብ አልቀበልም ብለው ሁለት ሳምንት ከተከራከሩ በኋላ ግማሹን ተቀበሉ። በገበያ ቀን አሥር ኩንታል ይጭናሉ። እኛ ስምንት ይሻላል እንላለን፤ እሳቸው አሥር ይላሉ።

መኪናው አሁን ከአጥሩ አጠገብ ቆሟል፤ የፊት ቀኝ ጎማው ተፈትቷል። ያን ላንድሮቨር የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን ወደ ኋላ እግሮች የሚሄደውን ትራስሚሽን ስለ ሆነ፥ ታኮ ሳይደረግ ክሪክ አይነሣበትም፤ ስለዚህ ሕፃናት ታኮውን እንዳይነኩ አደራ እንላለን። ታምቡሩን ግን መንካት የፈለገ ሁሉ ይንካው፤ ዛሬ ቀዝቃዛ ነው።