ከቶጉ ዳር ስለሚሠራ አዲስ ቤት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነገረ)



በስብሰባው ቀን ያልመጣችሁ እንድታነቡት፣ የመጣችሁም ከቤተሰባችሁ ጋራ እንድትነጋገሩበት ንግግሩን እንዳለ ለጥፈነዋል። የሶማሊኛው ከጎኑ አለ።

ነገሩ ይህ ነው። በዚህ ጅላል ብቻ ለማኅበራችን 11 ማመልከቻ ገብቷል። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ ከድልድዩ በታች ባለው ሜዳ ላይ ቦታ ገዝተናል፣ ቤት ልንሠራ ነው፣ መብራትና ውሃ እንድናስገባ ማኅበሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍልን ነው የሚለው። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ ከተነጋገረ በኋላ ደብዳቤውን አንጽፍም ብሎ ወስኗል። እንዲህ ያለው ውሳኔ ሰው እንደሚያስቀይም እናውቃለን። «እናንተ ቤት አላችሁና እኛን ከለከላችሁ» ተብለናል፤ ከዚያ የባሰም ተብለናል። ስለዚህ ምክንያታችንን ፊት ለፊት መናገር ይገባናል።

ቶግ ምን እንደሆነ ለዚህ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የጠረፍ ከተማችን ቶግ ውጫሌ እንኳ ስሟ ከቶግ የመጣ ነው። ከመሃል አገር የመጣን ሰዎች ግን ወንዝ ሲባል ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚወርድበትን ነው የምናስበው። ዓሥር ወር ደረቅ ሆኖ የሚከርም፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ አይሱዙ ገብቶ አሸዋ የሚጭንበት ቦታ ወንዝ አይመስለንም፤ ባዶ መሬት ነው የሚመስለን። ደላላውም ይህን ያውቃል። ቦታውን የሚያሳየው በጅላል ነው። በጉ ወይም በከረን ዝናብ ጊዜ «ኑ ቦታ ላሳያችሁ» ያለ ደላላ እስከ ዛሬ አላየንም።

የቶግ ክፉ ነገሩ እናንተ ጋ ሳይዘንብ መምጣቱ ነው። ዝናቡ የሚወርደው ላይ፣ ተራራው ላይ ነው። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ፣ ከዋክብት እየታዩ፣ ሰው ደጅ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ሳለ ከካራማራ በኩል የተሰበሰበው ውሃ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይደርሳል። ደራሽ ውሃ የተባለው በከንቱ አይደለም። ቀስ እያለ የሚሞላ ቢሆንማ ኖሮ ሰው ልጁንና ፍራሹን ይዞ ይወጣ ነበር። እስከ ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ ጎልማሳ ሰው ጥሎ ይወስዳል፤ ሕፃንና አሮጊትማ ምን ይሆናሉ?

ይህን ስንል በወሬ የሰማነውን አይደለም። ጎረቤታችን ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ምን እንደደረሰባት ዕድሜው የደረሰ ሁሉ ያስታውሳል። ደቻቱ ከዚራንና መጋላን ለሁለት የሚከፍል የአሸዋ ወንዝ ነው። በበጋ በእግር ይሻገሩታል፤ አሸዋው ላይ ገበያ ይቆምበታል። ዳርና ዳሩ ላይ ሰው ዓመት በዓመት እየተጠጋ፣ አንዱ አንዱን እያየ ቤት ሠራ። ከዚያ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ውሃ ወረደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ መጠለያ ገባ። ሬሳ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ስንት ቀን ተፈለገ። በማግሥቱ ድሬዳዋ የሄዱ ሰዎች በመካከላችን አሉ፤ ዘመድ ፍለጋ ነው የሄዱት። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ውሃው የሄደው ድሮም በሚሄድበት መንገድ ነው። አዲስ የመጣው ቤቱ እንጂ ውሃው አልነበረም።

ድሬዳዋ ሩቅ ነው የሚል ካለ፣ በ2008 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ እዚሁ ጅጅጋ የሆነው አለ። በአንድ ምሽት ዝናብ ከ20 ሰው በላይ አጥተናል። በዚያ ዓመት አገሩ በድርቅ ተጨንቆ፣ ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን ዝናብ ስንለምን ነበር። የለመንነው ዝናብ መጣና መንገዱ ላይ ያገኘውን ቤት ጠርጎ ሄደ። ድርቅ ሲበዛ ሰው ጎርፍን ይረሳል። መሬቱም ደርቆ እንደ ሸክላ ስለሚሆን የመጀመሪያውን ዶፍ ቶሎ አያስገባም፤ ውሃው ከላይ ከላይ ይሮጣል። ስለዚህ «ዘንድሮ ዝናብ የለም» ማለት ጎርፍ የለም ማለት አይደለም።

አሁን ደግሞ ከተማችን ሰፍቷል። የክልሉ መቀመጫ ከጎዴ ወደ ጅጅጋ ከመጣ ወዲህ ሜዳ የነበረው ሁሉ ቆርቆሮና አስፋልት ሆኗል። ቆርቆሮ ውሃ አይጠጣም። ቀድሞ ግማሹን መሬት ይመጠው የነበረው ውሃ ዛሬ ሁሉም ወደ ቶጉ ነው የሚሄደው። ድልድዩ ሥር ደግሞ የፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ክምር አለ፤ ይህንንም የጣለው ሌላ አገር ሰው አይደለም።

ቦታውን የገዙት ወንድሞቻችን ያመጡልንን ክርክር ሁሉ ሰምተናል። አንዳንዱ ክርክር የዋዛ አይደለም፤ እንመልስበታለን።

አንደኛው «መንግሥት ግንብ ይሠራልናል» የሚል ነው። ድሬዳዋ ከአደጋው በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፣ ጠቅሟልም። ነገር ግን ግንብ የሚሠራው ቀድሞ ለነበረ ከተማ ነው። ገና ያልተሠራ ቤት ግንብ ይሠራልኛል ብሎ ወንዝ ውስጥ መግባት ሌላ ነገር ነው። ግንብ ደግሞ ሰውን ያዘናጋል። ሊቢያ ውስጥ ደርና የምትባል ከተማ አለች። እሷም እንደኛ ደረቅ ወንዝ መሃሏን ይከፍላታል፤ እነሱ ዋዲ ይሉታል። ከላይ ሁለት ግድብ ስለነበረ ሰው ተማምኖ እስከ አፋፉ ድረስ ፎቅ ሠራ። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜ፣ እኛ የአዲስ ዓመት በግ ስንገዛ፣ በአንድ ሌሊት ሁለቱም ግድቦች ተደረመሱ። የሞተው በሺሕ ነው የሚቆጠረው። እነዚያ ፎቆች የብረትና የኮንክሪት ነበሩ። የኛ ብሎኬት እንዴት ይቆማል?

ሁለተኛው «ወለሉን በገረጋንቲ ከፍ አድርገን እንሠራለን» የሚል ነው። ይህን የሚሉት አብዛኞቹ ግንበኞች ስለሆኑ በደንብ ተነጋግረናል። እነሱም እንደሚያውቁት ሜዳችን መረሬ ነው። ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል፤ በደኅናው ቦታ እንኳ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ከቶጉ አጠገብ ሲሆን ከሥሩ አሸዋ ስላለ ውሃው ግድግዳውን ገፍቶ ባይጥለው መሠረቱን ከሥር በልቶ ይጥለዋል። ገረጋንቲውም ዙሪያውን በድንጋይ ግንብ ካልተያዘ አንድ ጎርፍ አይችልም። ደኅና አድርጎ ለመሥራት የሚወጣው ወጪ ተደምሮ ቢታሰብ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከሚገኘው ቦታ ዋጋ አያንስም። ይህን ያልነው እኛ አይደለንም፤ ራሳቸው ግንበኞቹ ቁጭ ብለው ሲያሰሉት የመጡበት ነው።

ደግሞ የአንዱ ቤት ከፍ ማለት የሌላው መስመጥ ነው። ሁሉም ግቢውን በብሎኬት ሲያጥር ቶጉ ይጠባል። ቶጉ ሲጠብ ውሃው ወደ ላይ ይተኛል፣ ወደ ጎንም ይወጣል። ያን ጊዜ 30 ዓመት ሙሉ ውሃ ገብቶባቸው የማያውቁ የላይኛው መንደር እናቶች ቤት ይገባል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞልቶ ከጎርፉ ጋራ ይቀላቀላል፣ ከብርካና ከሮቶ ውሃ ጋራ ይገናኛል፤ ተቅማጡ ይከተላል። ስለዚህ «የገዛሁት እኔ፣ የምሞተው እኔ፣ ማኅበሩን ምን አገባው» የሚለው አያስኬድም። ያገባናል።

ሦስተኛው «ሁሉም በአላህ እጅ ነው» የሚል ነው። አሜን፣ በእጁ ነው። ነገር ግን ከኛ መሃል ግመሉን ሳያስር፣ በሩን ሳይቆልፍ የሚተኛ የለም። የገጠር ዘመዶቻችንን እዩ። ሐርሺን በኩል፣ ቀብሪ በያህ በኩል ያለው አርብቶ አደር ብርካ ሲቆፍር ውሃ የሚሄድበትን ዝቅ ያለ ቦታ መርጦ ነው። ቤቱን ሲሠራ ግን ከፍ ወዳለው ይሄዳል። አንድም ቀን ትምህርት ቤት ያልገቡ ሽማግሌ ይህን አያሳስቱም። እኛ ከተማ ገብተን ገለበጥነው፤ ብርካ የሚቆፈርበት ላይ ቤት እንሠራለን።

አሁን ስለ ገዢዎቹ እንናገር፤ በነሱ መፍረድ ቀላል ነውና። እነማን ናቸው? ኪራይ የናረበት ጎጆ ወጪ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ድርቅ ከብቱ አልቆበት ቤተሰቡን ይዞ ከተማ የገባ ሰው ነው። እኅቱ ወይም ሴት ልጁ አረብ አገር የሰው ቤት ጠርጋ የላከችውን ገንዘብ ይዞ «ከምንበላው ቤት እንሥራበት» ያለ ወንድም ነው። ያ ገንዘብ ስንት ሌሊት ያልተተኛበት እንደሆነ እናውቃለን። አሸዋ ላይ እንዳይፈስ የምንጮኸውም ለዚህ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ወንዝ ሸንሽኖ ከሚሸጠው ነው። ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ በጉ ዝናብ የትኛው ከፍታ ላይ እንደሚተኛ ጠይቁት።

የሚሰጣችሁ ወረቀትም ወረቀት አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ሦስት ምስክር የፈረመበት ውል ካርታ አይሆንም፤ ቤቱ በጎርፍ ቢሄድ ወይም በአፍራሽ ግብረ ኃይል ቢፈርስ ካሣ አያስገኝም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም የወንዝ ዳርቻ እንዲከለልና በተከለለው ውስጥ የመኖሪያ ቤት እንዳይሠራ ለመከልከል ሥልጣን ይሰጣል። ሕጉ አለ። የሌለው ምልክቱ ነው፤ ቶጉ ዳር እስከዚህ ድረስ የሚል አንድ ድንጋይ እንኳ አልተተከለም። ድሃ ሰው ታዲያ ወሰኑን በምን ይወቀው?

ቦታ ለመግዛት ወይም ለመመራት የሚያስብ ሁሉ ማንንም ሳይጠይቅ የሚያየው ነገር አለ። ጉድጓድ ቆፍሩ፤ አንድ ሜትር ይበቃል። አሸዋና ደለል ተራ በተራ እንደ እንጀራ ተነባብሮ ካገኛችሁ፣ ጠጠሩም ድቡልቡል ከሆነ፣ ያ ቦታ የወንዝ አልጋ ነው። ግራሩንና ቁልቋሉን ቀና ብላችሁ እዩ፤ ቅርንጫፉ ላይ ጨርቅና ፌስታል ተሰቅሎ ከቀረ ያንን የሰቀለው ነፋስ ብቻ ላይሆን ይችላል። ፍየል የሚጠብቁትን ልጆች ጠይቁ፣ ከዚያ እናታቸውን ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን ገንዘብ ሳትከፍሉ አንድ የጉ ዝናብ አሳልፉ። ሻጩ «ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ካላችሁ ይውሰደው።

ቀድሞ ሠርተው በዚያ የሚኖሩትን 6 አባወራዎች በሚመለከት ኮሚቴው የወሰነው ለየት ይላል። ምትክ ቦታ ሳይሰጣቸው ይፍረስባቸው የሚል ደብዳቤ ማኅበራችን አይጽፍም። ለማዘጋጃ ቤት ያስገባነው ማመልከቻ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ለነዚህ ሰዎች ከፍ ያለ ምትክ ቦታ እንዲፈለግና የቶጉ ወሰን ተለክቶ ድንጋይ እንዲተከል ነው። መልስ እስኪመጣ ድረስ ግን ዝናቡ አይጠብቀንም። ስለዚህ ጉ ከመግባቱ በፊት እነዚህ ቤተሰቦች ሌሊት የሚጠጉባቸው ቤቶች ከላይኛው መንደር ተመድበዋል፤ ፈቃደኛ ለሆናችሁት ሁሉ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። ላይ በኩል ዝናብ ሲጥል ያየ የሰፈር ልጅ ለዘበኞቹ ይንገር፣ ዘበኞቹም ፊሽካ ይነፋሉ። መስጊዱም በድምፅ ማጉያው ሊናገር ተስማምቷል፤ የቤተ ክርስቲያኑም ደወል እንዲሁ። ፊሽካ ሲሰማ ዕቃ ለማውጣት የሚመለስ ሰው አይኑር፤ ቴሌቪዥን ይገዛል።

ማመልከቻ ያስገባችሁት 11 ሰዎች ገንዘባችሁን ከሻጭ ለማስመለስ የምትፈልጉ ከሆነ ውላችሁን ይዛችሁ ቢሮ ኑ። ሽማግሌዎች አብረዋችሁ ይሄዳሉ፤ ሁለት ሰዎች በዚሁ መንገድ ግማሽ ገንዘባቸውን አስመልሰዋል። ቀሪውን እየተነጋገርንበት ነው።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድልድዩ ሥር ያለውን ቆሻሻ እናወጣለን። ሴቶችም ወንዶችም እንወጣለን። ያለፈው ጎርፍ የደረሰበትን ሽማግሌዎቹ ያሳዩናል፤ ማዘጋጃ ቤት እስኪመጣ እኛው በካስማና በኖራ ምልክት እናደርግበታለን። ካስማውንና ኖራውን ማኅበሩ ያቀርባል። አካፋና መዶሻ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ጋሪ ያለው ደግሞ አስቀድሞ ለጸሐፊው ይንገር።