አባ ጎርጎርዮስ የነገሩት ቃል

  እኔ የይፋግ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርነት ነው። ዛሬ አባ ጎርጎርዮስ ስለሚባሉ አንድ የጥንት የቤተ ክህነት ሰው እነግራችኋለሁ።

አስቀድሜ ግን ስለ አባቴ ትንሽ ላጫውታችሁ። አባቴ ፊደል አልቆጠረም ነበር። አንድ ጊዜ በመሬት ክርክር ቃሉን ሰጠ። ቃሉን ሌላ ሰው ጻፈለት። አባቴ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ፈረመ። ማታ ቤት ሲመጣ ወረቀቱን አነበብሁለት። አባቴ የተናገረው «ድንበሩ ወንዙ ነው» ብሎ ነበር። ወረቀቱ ግን «ድንበሩ ዋርካው ነው» ይላል። ከወንዙ እስከ ዋርካው ድረስ የሽምብራ ማሳችን አለ።

«ኧረ እኔ እንዲህ አላልሁም!» አለ አባቴ። እውነት ነው፣ እሱ አላለም። ጣቱ ግን ብሏል። ያን ወረቀት ለማስተካከል ሁለት ዓመት ፈጀብን።

እንግዲህ ቃል ከአፍ ወጥቶ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ትልቅ ነገር ነው። የአባ ጎርጎርዮስ ታሪክም ይኸው ነው። የምጠራቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በመካነ ሥላሴ ነው። መካነ ሥላሴ በድሮው የአማራ አገር፣ በዛሬው ወሎ ውስጥ ነው። ኋላ አፄ ሱስንዮስ ነገሡ። የአፄ ሱስንዮስ ከተማ ደንቀዝ ከእኛ ከይፋግ ወደ ጎንደር በኩል ይገኛል። ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው ነበርና በአገሩ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ግን የጥንቱ ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ። ልጃቸው አፄ ፋሲለደስ ሲነግሡ የካቶሊክ ሚሲዮናውያንን ከአገር አስወጡ። አባ ጎርጎርዮስም ከካቶሊኮቹ ጋር የቆሙ ነበሩና ከአገራቸው ወጡ። ኋላም ሮም ከተማ ደረሱ። በሮም፣ ከጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የተሰጠ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ነበር። የተቀመጡት በዚያ ነው።

በ1649 አንድ የጀርመን አገር ወጣት ወደዚያ ቤት መጣ። ስሙ ሂዮብ ሉዶልፍ ይባላል። ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። አባ ጎርጎርዮስ አባቱ ይሆኑ ነበር። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ተምሯል፤ ፊደሉን ያውቃል። ነገር ግን ከባለቤቶቹ አፍ ሰምቶት አያውቅም። በመጀመሪያ መግባባት አስቸገራቸው። ቀስ በቀስ ግን በግዕዝ መነጋገር ቻሉ።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን አገር አስጠራቸው። ጎታ የከተማ ስም ነው። አባ ጎርጎርዮስ ትልልቅ ተራሮችን አቋርጠው ሄዱ። ጥቂት ወራትም በመስፍኑ ቤተ መንግሥት ተቀመጡ። ሉዶልፍ ይጠይቃል፤ እሳቸው ይመልሳሉ። ሉዶልፍ ይጽፋል። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ተራራው ነገሩት። የእኛ ጣና፣ የእኛ ዓባይ ሳይቀሩ በዚያ ሩቅ አገር ተጻፉ። አማርኛንም አስተማሩት። በዚያን ጊዜ አማርኛ አልፎ አልፎ ይጻፍ ነበር። በአብዛኛው ግን የመጽሐፍ ቋንቋ ግዕዝ፣ የአፍ ቋንቋ አማርኛ ነበር።

ከተለያዩም በኋላ በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። በ1658 አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ በመርከብ ተነሡ። መርከቡ በዛሬዋ ቱርክ ዳርቻ፣ በእስክንድሮን አጠገብ ተሰበረ። አባ ጎርጎርዮስ ባሕር ውስጥ ቀሩ። አገራቸውን ዳግም አላዩም።

የነገሩት ቃል ግን አልሰጠመም፤ ወረቀት ላይ ነበርና። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ አሳተመ። በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ሰዋስው የቋንቋ ሥርዓት ነው። መዝገበ ቃላት ቃላትን ከነትርጉማቸው የያዘ መጽሐፍ ነው። በማተሚያ ቤት የታተመ የመጀመሪያው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ 40 ዓመት ሆኖ ነበር።

ሉዶልፍ ውለታ አልካደም። ያስተማሩኝ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው ብሎ በመጽሐፉ ስማቸውን ጠራ፤ መልካቸውንም አሳተመ። ሆኖም መጽሐፉ የሚጠራው በማን ስም ነው? በጻፈው በሉዶልፍ ስም ነው። የመረጠውም እሱ ነው። የጠየቀው ተጻፈ፤ ሳይጠይቅ ያለፈው ግን ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ባሕር ገባ።

እናቶችና አባቶች፣ እናንተም የብዙ ቃል ባለቤቶች ናችሁ። ሞፈር፣ ድግር፣ ወገልና ምራን የቱ ምን እንደሆነ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ ማን አለ? የጠላውን አጠማመቅ፣ የማሳውን ድንበር፣ የአያቶቻችሁን ስም ታውቃላችሁ። እስካሁን ግን ሌላ ሰው እስኪጠይቃችሁና እስኪጽፍላችሁ ትጠብቁ ነበር። አሁን እርሳሱ በእጃችሁ ነው። እጃችሁ ቢንቀጠቀጥም፣ ፊደሉ ቢጣመምም ግድ የለም። የተጣመመ የራስ ጽሑፍ ከጣት አሻራ ይሻላል።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። ደህና እደሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት የት ነው? የሞቱትስ?
2. ሉዶልፍ ፊደሉን እያወቀ ከአባ ጎርጎርዮስ ምን ተማረ?
3. ቃላችሁን ሌላ ሰው ጽፎላችሁ ያውቃል? እንዳላችሁት ነው የጻፈው?
4. ልጆቻችሁ የማያውቋቸውን፣ እናንተ ግን የምታውቋቸውን ሦስት ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ። ከሥራቸው ስማችሁን ጻፉ።