ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒትና የሆድ ድርቀት

 

የዛሬው ጉዳያችን ሰው ፊት የማይነሣ፣ ገበታ ቀርቦም የማይወራ ነው። ስለ ሰገራ ነው። በተለይም አልወጣ ስለሚል ሰገራ። እኔ ግን በግልጽ እናገረዋለሁ። ነገሩ ባለመነገሩ ብቻ በየቤቱ ተኝቶ የሚሰቃይ ሰው አለና።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በፋርጣ ወረዳ፣ ከደብረ ታቦር ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቀው የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ እንበል። የማኅፀን በር ካንሰር ይዟቸዋል። ሕመሙ ሌት ከቀን አላስተኛ ብሏቸው ነበር። ሐኪም ቤት ተወስደው ሞርፊን የሚባል፣ በአፍ የሚጠጣ መድኃኒት በጠርሙስ ተሰጣቸው። ያን ሌሊት ከስንት ወር በኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቤተሰቡም እግዚአብሔር ይመስገን አለ።

በአምስተኛው ቀን እኚህ እናት ምግብ እንቢ አሉ።

«እማዬ፣ ምነው እህል ጠላሽ?» አለ ልጃቸው።

«እንዲያው ነው፤ ሆዴን ነፋኝ። ተወኝ ልጄ» አሉት።

ለወንድ ልጅ ይህን እንዴት ብለው ይንገሩት? ምራታቸውም አፍራ አልጠየቀቻቸውም። በሰባተኛው ቀን ጎረቤት መጥታ «እትዬ፣ ውጭ ከወጡ ስንት ቀን ሆነዎ?» ብትላቸው እውነቱ ወጣ። ከሐኪም ቤት ከመጡ ጀምሮ አንድ ቀንም አልወጡም። ልጁ ይህን ሲሰማ «መድኃኒቱ ነው የጎዳት!» ብሎ ጠርሙሱን ወስዶ ደፋው። ሌሊቱን ያ ሕመም ተመለሰ። ያኔ እናትየው ሁለት ሕመም ታመሙ፤ ሆዳቸውም እንደ ደረቀ ነው፣ ካንሰሩም ያቃጥላቸዋል።

ልጁ ጥፋተኛ ነው አልልም። ስለ መድኃኒቱ ማንም የነገረው አልነበረም። ደግሞም ግማሹን አውቆታል። ሆዳቸውን ያደረቀው በእርግጥ መድኃኒቱ ነው። ነገር ግን መፍትሔው ሕመም ማስታገሻውን መድፋት ሳይሆን ሆድ የሚያለሰልሰውን መድኃኒት መጨመር ነበር። የዛሬው ንግግሬ ዋና ቃል ይኸው ነው።

እንዲህ ያሉት መድኃኒቶች የትኞቹ ናቸው? ሞርፊን አንዱ ነው። ኮዴይንና ትራማዶልም የእርሱ ወገን ናቸው። ትራማዶል ሆድ የሚያደርቀው ከሞርፊን ባነሰ ሁኔታ ነው፤ ቢሆንም ያደርቃል። ሞርፊን የሚገኘው ከአንድ የአበባ ተክል ከሚወጣው፣ ኦፒየም ከሚባለው ወተት ነው። ከዛሬ 200 ዓመት ገደማ በፊት አንድ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ከወተቱ ለይቶ አወጣው። የጥንት ሰዎች ይህን ወተት ተቅማጥ ለማስቆምም ይሰጡት ነበር። ተቅማጥን የሚያስቆም ነገር ጤነኛውን ሆድ ቢያስቆም አያስገርምም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንጀታችን ዝም ብሎ የተዘረጋ ቧንቧ አይደለም። ዝናብ ሲዘንብ ከመሬት የሚወጣውን ትል አይታችኋል። አንዴ ጠበብ፣ አንዴ ሰፋ እያለ ይሄዳል። አንጀትም እንደዚያው እየጠበበና እየሰፋ ምግቡን ወደ ታች ይገፋል። ሞርፊን ሕመምን የሚያስታግሰው በአንጎልና በነርቭ ላይ ያሉትን ልዩ መቀበያዎች ይዞ ነው። እነዚህ መቀበያዎች አንጀት ላይም አሉ። መድኃኒቱ እነርሱንም ሲይዛቸው አንጀት መግፋቱን ያዘገያል። ሰገራው ሆድ ውስጥ ይቆያል። በቆየ ቁጥር አንጀት ውኃውን ይመጠዋል። እበት ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ምን እንደሚሆን የጉና ሥር ሰው አይነገረውም፤ ኩበት ይሆናል። ሰገራም እንደዚያው ነው።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ። ሞርፊን መጀመሪያ ላይ ያንቀላፋል፤ ያቅለሸልሻልም። ይህ ለብዙው ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ እየተወው ይሄዳል። ሰውነት ይለምደዋል። የሆድ ድርቀቱን ግን ሰውነት አይለምደውም። መድኃኒቱ እስከተወሰደ ድረስ ድርቀቱም አለ። ስለዚህ «እስቲ እንየው፣ ይተወው ይሆናል» ብሎ መጠበቅ አይጠቅምም። ማስታገሻው በተጀመረበት ቀን የሚያለሰልሰውም ይጀመር። ሐኪሙ ሞርፊን ሲያዝ ይህን ሳይናገር ቢቀር እናንተ ጠይቁት። «ዶክተር፣ ለሆድ ድርቀቱስ?» ማለት ድፍረት አይደለም።

በየመድኃኒት ቤቱ ከሚገኙት አንዱ ቢሳኮዲል ነው። ክኒኑ ላይ 5 ሚ.ግ. ተብሎ ይጻፋል። ሚ.ግ. ማለት ሚሊግራም ነው። ለአዋቂ ብዙ ጊዜ ማታ 1 ወይም 2 ክኒን ይታዘዛል። ማታ የተዋጠ ጧት ይሠራል። አይታኘክም፣ አይፈጭም፣ ከወተት ጋርም አይወሰድም። ሽፋኑ አንጀት ሳይደርስ እንዳይቀልጥ ነው። ካልበቃ መጠኑን የሚጨምረው ወይም ሌላ የሚያክልበት የጤና ባለሙያው ነው። የሞርፊኑ መጠን ሲጨመር የማለስለሻውም ነገር አብሮ ይታይ።

ምግብስ? ምግብ ይረዳል፤ ብቻውን ግን እንዲህ ያለውን ድርቀት አያሸንፍም። ይህን የምለው ብዙ ሰው «ጎመን ብላ፣ ይሻልሃል» ብሎ ስለሚያቆም ነው። ጎመኑም፣ የገብስ ገንፎውም፣ ከቆላ የሚመጣው ፓፓያም ይበላ፤ መድኃኒቱም ይወሰድ። መዋጥ የማይቸግረው ሰው ጧት ቁርስ ሳይበላ አንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ቢወስድ ደግ ነው። ስለ ተልባ ግን ጥንቃቄ አለ። ተልባ ውኃ ይዞ ያብጣል። ብዙ ውኃ ለሚጠጣ ሰው ጥሩ ነው። ጉንጭ ውኃ ብቻ ለሚጠጣ አልጋ ላይ ለዋለ በሽተኛ ግን ሆድ ውስጥ ተከምሮ ድርቀቱን ሊያብስ ይችላል።

የእኛ አገር ደጋ ነው። በብርድ ውኃ አይጠማም፤ በሽተኛም ጠጣ ካልተባለ አይጠጣም። ቀዝቃዛውን ከጠላ ለብ ያለ ውኃ፣ አጥሚት ወይም ቀጭን ሻይ ጥቂት በጥቂት ስጡት። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ የሚውል በሽተኛም አለ። ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚቀልለት የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። ቄሱ ሲነግሩት ይቀበላል፤ እኛ ብንነግረው «እግዚአብሔርን ላስቀይም?» ይለናል።

ኮሶ የሚሰጡም አሉ። ኮሶ የሚጠጣው ለኮሶ ትል ነው። ብርቱ ነው፤ ልኩም አይታወቅም። በካንሰር ለደከመ ሰው ኮሶ አይሰጥም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ መቀመጫው። ጤነኛ ሰው ማለዳ ወጥቶ ተቀምጦ ይመለሳል። በሽተኛ ግን መጸዳጃው ሩቅ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጉልበቱ አይሸከመውም፣ ደግፉኝ ማለትም ያፍራል። ስለዚህ ሆዱ ሲመጣ ይይዘዋል። የተያዘ ሰገራ ደግሞ ይብሱን ይደርቃል። መካከሉ የተበሳ በርጩማ ሠርቶ ከሥሩ ባልዲ ማስቀመጥ ለአናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በመጋረጃ ከልሉለት። ከቁርስ በኋላ አንጀት በተፈጥሮው ስለሚነቃ ያን ጊዜ አስቀምጡት፤ አታጣድፉት።

የሚጠይቅ ሰውም ይመረጥ። አማቷን ለመጠየቅ የምታፍር ምራት ብትኖር እኅት ወይም ጎረቤት ትጠይቅ። ለአባትም ወንድ ልጅ ወይም ወንድም ይሁን። ሦስት ቀን ሙሉ ካልወጣ አራተኛውን አትጠብቁ፤ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሰገራው መውጫው ላይ ደርሶ ድንጋይ ሆኖ እንደሆነ ባለሙያው አይቶ በዘዴ ያወጣዋል። ቤት ውስጥ በእንጨትና በጥፍር የሚሞከር ነገር ያቆስላል።

አንድ የሚያሳስት ምልክት ደግሞ አለ። ብዙ ቀን ደርቆ የቆየ ሰው ድንገት ቀጭን ውኃ ያንጠባጥባል። ቤተሰቡ «አሁንማ አስቀመጠው» ብሎ የሚያለሰልሰውን መድኃኒት ያቆማል። ያ ግን ተቅማጥ ላይሆን ይችላል። በደረቀው ሰገራ ጎን ሾልኮ የሚወርድ ውኃ ሊሆን ይችላል። ድርቀቱ ገና እዚያው ነው። ይህንም ባለሙያ ይየው።

ሆዱ ተነፍቶ ከጠጠረ፣ ፈስ እንኳ አልወጣ ካለ፣ ካስመለሰው፣ ወይም ሆዱን እየቆረጠ የሚለቅ ብርቱ ሕመም ካለው፣ ምናልባት አንጀቱ ተዘግቶ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ምንም እንዳትሰጡት። በዚያው ቀን ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ውሰዱት። ደም ከታየ ወይም ትኩሳት ከያዘውም እንደዚሁ። ወገቡን እያመመው እግሩ ከዛለና ሽንት እንቢ ካለውም አትዘግዩ።

«ሞርፊን ሱስ አይሆንም ወይ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ለጨዋታ የሚወሰድ ከሆነ ይሆናል። ትራማዶልን ለድካም ብሎ ከመንገድ ገዝቶ መዋጥ አደገኛ ነው፤ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው መስጠትም እንደዚሁ። ጠርሙሱም ልጅ ከማይደርስበት ይቀመጥ። ለካንሰር ሕመም በልክና በሰዓቱ የታዘዘ ሞርፊን ግን ሌላ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ሕመም በአፍ በሚወሰድ መድኃኒት፣ በሰዓቱ እየተሰጠ እንዲታከም መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ለረጅም ጊዜ የተወሰደን ሞርፊን በአንድ ቀን ማቋረጥ ሕመሙን ከመመለሱም በላይ ያንቀጠቅጣል፣ ያስልባል፣ ዕረፍት ይነሣል። ይቀነስ ከተባለ በባለሙያ ምክር ቀስ እየተባለ ነው።

አሁን የእናንተ የአዲስ አንባቢዎች ሥራ መጣ። በሽተኛው ራሱ ቀኑን አይቆጥርም። ሕመም ሲበዛ ማክሰኞና ዓርብ አንድ ይሆናል። በቤት ውስጥ ማንበብና መጻፍ የተማረ ሰው አንድ ደብተር ያውጣ። ከራስጌው ያኑረው። በየቀኑ አንድ መስመር ይጻፍ። ፊደሉ ባያምርም ግድ የለም። ለምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፦

ሰኞ። ሞርፊን በሰዓቱ ወሰዱ። ማታ ቢሳኮዲል 2። ሆድ አልወጣም።

ማክሰኞ። ጧት ወጣ። ደረቅ ነው፣ ጥቂት ነው። ውኃ 5 ኩባያ።

ረቡዕ። አልወጣም። ገንፎ በሉ። ማታ ቢሳኮዲል 2።

ኀሙስ። ከቁርስ በኋላ ወጣ። ለስላሳ ነው። ሌሊት ተኙ።

ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ደብተሩንም የመድኃኒቱን ጠርሙስም ያዙ። ባለሙያዋ «ሆድ ከወጣ ስንት ቀን ሆነ?» ብትላችሁ ደብተሩን ከፍታችሁ አንብቡላት።