ሹፌሩን ማን አሰበው?

እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ ልብ ወለድ ላውራችሁ። እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ አላነበብኩትም፤ ማታ ማታ ልብስ ስተኩስ የማዳም ትልቋ ልጅ ትተርክልኝ ነበር።

መጽሐፉ የሎውረንስ ራይት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ። ኢንዶኔዢያ ውስጥ አዲስ ኢንፍሉዌንዛ ይነሳል። ሐኪሙን ያመላለሰው ሹፌር ሳያውቅ ተይዞ ለሐጅ መካ ይሄዳል። ልጅቷ ስለ ሐኪሙ ታወራለች፤ የኔ ልብ ግን ሹፌሩ ጋ ቀረ። እሱም እንደኛ ሠራተኛ ነው። የታሰበው ከሄደ በኋላ ነው።

ነገሩ ተረት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሜርስ የሚባለው በሽታ እ.ኤ.አ. በ2012 ሳዑዲ ውስጥ ተገኘ፤ ከግመል ወደ ሰው ይተላለፋል። ታመው ከተመዘገቡት ከ3 ሰዎች 1 ያህሉ ሞቷል።

አምና በረሃ ያለው እርሻቸው ወስደውኝ የግመሎቹን ማደሪያ ጠረግኩ። በሳምንቱ ትኩሳትና ሳል ያዘኝ። “ታማለች ብለው አገሬ ይመልሱኛል” ብዬ ደበቅኩ። እግዜር ይመስገን ዳንኩ፤ ምን እንደነበረ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ሁሉ ቀን ሕፃኑን አቅፌ ነበር የምውለው።

ስለዚህ አደራ፦ ግመል ከነካችሁ በሳሙና ታጠቡ። ወተቱን ሳታፈሉ አትጠጡ፣ ሥጋው በደንብ ይብሰል። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ለሐኪም “ግመል ጋ ነበርኩ” በሉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሚደብቀው ግን ፈርቶ ነው። ማዳም አላሳክምም ካለች ለኛ ደውሉ፤ ብቻችሁን አትፍሩ።