የጎማ ጽናትና የአቅራቢው ኃላፊነት በመተማ መንገድ



ሰኔ 12 ቀን 1997 ዓ.ም. በኢንዲያናፖሊስ የፎርሙላ አንድ ውድድር የሚሽሊን ጎማ የተገጠመላቸው 14 መኪኖች ከማሟሟቂያው ዙር በኋላ ወጥተው 6 ብቻ ተሽቀዳደሙ። ፋብሪካው ጎማው ፈጣኑን የመጨረሻ ኩርባ እንደማይችል አስቀድሞ አስታውቆ ነበር፤ በኋላም ለተመልካቹ የመግቢያውን ገንዘብ ለመመለስ ቃል ገባ።

ሰሊጥ ጭኖ ከመተማ በሸህዲና በአይከል ወደ ጎንደር ለሚወጣው ሾፌር ይህን የሚያስታውቀው ማን ነው? ንፋሱ የጎደለ ጎማ ከጭነት በታች ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይወልዳል፤ የቆላው ፀሐይ ሲጨመርበት ላስቲኩ ከሽቦው ይላቀቃል። በፈነዳ ጊዜ አቅራቢው በጭነቱ ያመካኛል፤ ባለንብረቱ በጎማው። ሁለቱም አልፎ አልፎ እውነት አላቸው። እኔ ግን ምርመራውን ከሾፌሩ አልጀምርም። ሻጩ የጎማውን ዕድሜና የጭነት ልክ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ባለንብረቱም የጫነውን ይመዝን። በጎማው ጎን የታተሙት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚነበቡት ግን ከፈነዳ በኋላ ነው።